ይግባ ወይስ ይቅር? የፊልም ክበብ የተመረጡ ፊልሞችን ዝርዝር የሚያወጣበት አሠራር

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ላይ የፊልም ክበብ የሚያቋቁም ሰው ፕሮጀክተርና አዳራሽ ከማፈላለጉ በፊት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ምን እናሳይ? ጥያቄው ቀላል ስለሚመስል አባላት ተሰብስበው የየራሳቸውን ተወዳጅ ፊልም ይጠራሉ፤ የተጠራው ሁሉ ይጻፋል፤ በሦስተኛው ሳምንት አዳራሹ ይሳሳል። እያንዳንዱ ፊልም ለብቻው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ችግሩ አንዱን ከሌላው ጋር ያገናኘው ነገር አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ አሠራሩ በሙሉ በአንድ መርህ ላይ ይቆማል፦ የመግቢያው ደንብ ከፊልሞቹ ስም በፊት ይጻፋል። የምትወዱትን ፊልም «አይገባም» ሊላችሁ የማይችል ደንብ ደንብ አይባልም።

ለምሳሌ እንዲመች ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ክበብ «ገበሬና መሬት» በሚል ርእስ በ12 ሳምንት 12 ፊልም ሊያሳይ አስቧል እንበል። ከተመልካቹ ብዙው እርሻን በዓይኑ አይቶ ያደገ ነው፤ ጥማድ እንዴት እንደሚጠመድ፣ ጤፍ ሲታጨድ ወገብ ምን እንደሚሆን ያውቃል። እንዲህ ያለ ተመልካች በፊልም ውስጥ የውሸት እርሻ ሲያይ ወዲያው ይለየዋልና ምርጫው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

1. ደንቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ምርጥ የገበሬ ፊልሞች» የሚለው ደንብ አይሆንም። «ምርጥ» ማንንም አይከለክልም፤ «የገበሬ» ደግሞ ገበሬ ያለፈበትን ሁሉ ያስገባል። የሚሠራ ደንብ ለማን፣ ስለ ምን፣ ምን ዓይነት፣ ስንት የሚሉትን አራት ነገሮች ይይዛል። ለምሳሌ፦

«ታሪኩ በእርሻ ሥራ፣ በመሬት ይዞታ ወይም በምርት ክፍፍል የሚንቀሳቀስ፣ ከየትኛውም አገር የመጣ፣ ከ60 ደቂቃ የማያንስ ልብ ወለድ ፊልም፤ ብዛት 12፤ ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ ለሆነ ተመልካች።»

እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ሐረግ በር ነው። «ልብ ወለድ» ሲባል ዘጋቢ ፊልም ውጭ ቀረ። «የሚንቀሳቀስ» የሚለው ከሁሉ ጠንካራው ነው፤ እርሻው ከኋላ እንደ መጋረጃ የተሰቀለበትን ፊልም ያስቀራል።

ደንቡን ከማጽደቃችሁ በፊት በሦስት ፊልሞች ፈትኑት፤ አንዱ ያለ ጥርጥር የሚገባ፣ አንዱ ያለ ጥርጥር የማይገባ፣ አንዱ የሚያከራክር ይሁን። ለ«ገበሬና መሬት» ያለ ጥርጥር የሚገባው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) ነው፤ ባላባቱና ጭሰኞቹ ከሌሉ ፊልሙም የለም። የሚያከራክረው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015 እ.ኤ.አ.) ነው። ልጁን ከበጉ ጋር ያስተሳሰረው ፍቅር እንጂ እርሻው ዋናው አይደለም የሚል ይኖራል። ልጁ ከቤቱ የወጣው ግን በድርቅ ነው፤ ባስጠጉት ዘመዶቹ ቤትም የሚጋጨው የእርሻ ሥራ አልሆንልህ ብሎት ወደ ማጀት በማዘንበሉ ነው። በእኛ ሚዛን ይገባል። ክበባችሁ አይገባም ካለም ችግር የለም፤ ግን ምክንያቱ ይጻፍ፤ ነገ ተመሳሳይ ፊልም ሲመጣ ያው ምክንያት ይሠራበታል።

ለሚያከራክር ፊልም የሚጠቅመው መሣሪያ ንቅለ ተከላ ነው፤ ጭብጡን ከፊልሙ ነቅላችሁ ሌላ ተክሉበት። ታሪኩ ከቆመ ፊልሙ የዚያ ዝርዝር አይደለም። ባሕር ዳር ያለ ክበብ «ዓባይ በፊልም» የሚል ዝርዝር ያወጣል እንበል። በ1978 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ዴዝ ኦን ዘ ናይል» ስሙ ላይ ወንዙ አለ፤ ግን ነገሩ በመርከብ ላይ የተፈጸመ ግድያ ነው፤ መርከቡን ሌላ ወንዝ ላይ ብታስኬዱት ገዳዩም ምርመራውም ባሉበት ይቆያሉ። ይቅር። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው «ማውንቴንስ ኦፍ ዘ ሙን» ደግሞ የነጭ ዓባይን ምንጭ ፍለጋ የወጡ ሁለት እንግሊዛውያን ታሪክ ነው፤ ወንዙን ብትነቅሉት ጉዞው ራሱ ይጠፋል። ነገር ግን ይህ የእኛ፣ ከሰከላ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው አይደለም። ደንቡ «ዓባይ» ሲል ጥቁር ዓባይን ብቻ ወይስ ሁለቱንም ማለቱ እንደሆነ ካልተጻፈ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። የጥቁር ዓባይን ጉዞ የሚከተለው «ሚስትሪ ኦቭ ዘ ናይል» (2005 እ.ኤ.አ.) በወንዙ በኩል ያለምንም ጥያቄ ያልፋል፤ ዘጋቢ ስለሆነ ግን ልብ ወለድ ብቻ የሚል ደንብ ያስቀረዋል። አንድ ፊልም በአንዱ በር አልፎ በሌላው መቅረቱ ደንቡ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

2. «የኢትዮጵያ ፊልም» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ወስኑ

ከሁሉ የከረረ ጠብ የሚነሣው እዚህ ነው። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ዳይሬክተሩ ኢትዮጵያዊ ወይም ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው? ከሚነገሩት ዋና ቋንቋዎች አንዱ የኢትዮጵያ ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀርጿል? ከሦስቱ ሁለቱን ያሟላ ይገባል በሉ።

በዚህ ስሌት የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሦስቱንም ያሟላል። «ላምብም» ያሟላል፤ ከአውሮፓ አገሮች ገንዘብ የገባበት ቢሆንም ገንዘብን መለኪያ አላደረግነውም፤ ብናደርገው ኖሮ ባለፉት ዓመታት በውጭ ፌስቲቫል የታዩልን ፊልሞች አብዛኞቹ ይወጡ ነበር። «ክረምብስ» (2015 እ.ኤ.አ.) ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ነው፤ ግን አማርኛ ይነገርበታል፣ እዚሁ ተቀርጿል፤ ሁለት አሟልቶ ይገባል። «ሳንኮፋ» (1993 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የኃይሌ ገሪማ ሆኖ ሳለ ቋንቋውም ቦታውም ሌላ ነውና ይቀራል። ይህ ውጤት ብዙ ሰው ያስቆጣል። ከተቆጣችሁ ፊልሙን በልዩ ፈቃድ አታስገቡ፤ ደንቡን ለውጡና ሁሉንም ዕጩ እንደገና በአዲሱ ደንብ አሳልፉ። በልዩ ፈቃድ የገባ አንድ ፊልም ሌላ አምስት ጠያቂ ይጎትታል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ያሳስታል። የውጭ መዛግብት «ጤዛን» 2008 ይሉታል። መጀመሪያ የታየው በዚያ ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል ነው፤ ፌስቲቫሉ ከነሐሴ 21 እስከ ጳጉሜን 1 ስለነበር በእኛ 2000 ዓ.ም. ይሆናል። «ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ» የሚል ዝርዝር ያወጣ ክበብ በደፈናው 7 ከቀነሰ ያስገባዋል፤ 8 ከቀነሰ ያስወጣዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8። ቀኑን ካላወቃችሁ ወደ እኛ አትመልሱት፤ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ እንዳለ ተዉት። የትኛው ዓመት እንደሚቆጠርም ወስኑ፦ የተቀረጸበት፣ በፌስቲቫል የታየበት ወይስ ሲኒማ ቤት የገባበት? «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው በ1974፣ የወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመካከሉ አገሩ መንግሥት ቀይሯል። የመጀመሪያው ሕዝባዊ ዕይታ ዓመት ለአብዛኛው ዝርዝር ይሻላል።

3. ዕጩ ሰብስቡ

ከሚያስፈልጋችሁ አራት እጥፍ ያህል ሰብስቡ፤ ለ12 ቦታ ከ45 እስከ 50 ዕጩ። ከዚህ ካነሰ ምርጫ ሳይሆን መቀበል ብቻ ይሆናል፤ በጣም ከበዛ ሁሉንም የሚያይ አይገኝም።

እያንዳንዱ አባል ቤቱ ተቀምጦ 10 ስም ይጻፍ። በስብሰባ ላይ በቃል ከተጠየቀ ሰው የሚያስታውሰው ሰሞኑን ያየውን ነው። ከ10ሩ ቢያንስ 3ቱ ከአባሉ ዕድሜ የሚበልጡ፣ ቢያንስ 3ቱ ከአሜሪካና ከሕንድ ውጭ የተሠሩ ይሁኑ በሉ። ይህ ካልተባለ ረጅሙ ዝርዝር በቴሌግራም በቀላሉ የሚወርደው ብቻ ይሆናል፤ ከየፍላሹ ላይ ተገልብጦ የመጣ ነገር የማንም ምርጫ አይደለም። ከአፍሪካ ለመፈለግ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ዋጋዱጉ ላይ የሚካሄደውን የፌስፓኮ ፌስቲቫል የአሸናፊዎች መዝገብ ተመልከቱ፤ «ጤዛም» በ2009 እ.ኤ.አ. ዋናውን ሽልማት፣ የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስን፣ ያገኘው እዚያ ነው።

ለ«ገበሬና መሬት» ጥሩ መነሻ የሚሆኑ፦ የኤርማኖ ኦልሚ «ዘ ትሪ ኦፍ ውድን ክሎግስ» (1978 እ.ኤ.አ.)፣ የሰሜን ጣሊያን ጭሰኞች በራሳቸው በገበሬዎች የተተወነ፤ «ማዘር ኢንዲያ» (1957 እ.ኤ.አ.)፣ አራጣ አበዳሪ ከምርቷ አብዛኛውን የሚወስድባት ባለ እርሻ፤ የጆን ፎርድ «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» (1940 እ.ኤ.አ.)፣ በትራክተር ከመሬታቸው የተነቀሉ ቤተሰቦች፤ የካኔቶ ሺንዶ «ዘ ኔክድ አይላንድ» (1960 እ.ኤ.አ.)፣ ውኃ በባልዲ ተሸክመው ቁልቁለትና ዳገት ሲመላለሱ የሚውሉ ባልና ሚስት።

ስሞቹን ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ደብተር ስታዛውሩ ተጠንቀቁ። «ሦስት ሺህ ዓመት»፣ «ሶስት ሺ አመት» እና «ሶስት ሺህ ዓመት» ለኮምፒዩተሩ ሦስት ፊልም ናቸው፤ ድምፁም ሦስት ቦታ ይበተናል። የውጭ ፊልም ደግሞ አንዱ በእንግሊዝኛ ስሙ፣ ሌላው በተተረጎመ ስሙ፣ ሌላው «ያ የጣሊያኑ» ብሎ ይጽፈዋል። መለያው ስሙ አይሁን፤ የዳይሬክተሩ ስምና ዓመቱ አንድ ላይ ይሁኑ። የአጻጻፉንም አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ላይ አጽኑ።

4. እዩ፤ ያያችሁትም ቅጂ የቱ እንደሆነ ጻፉ

ያላየ ሰው ድምፅ አይሰጥም። «ድሮ አይቼዋለሁ» የሚለው ከአምስት ዓመት በላይ ካለፈው እንደገና ይይ። አንድ ዕጩ ወደ ውሳኔ የሚቀርበው ቢያንስ ሦስት ሰው ሲያየው ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ያልጠቆመው ሰው መሆን አለበት።

ቅጂው ብዙ ጊዜ ያታልላል። ከመመልከታችሁ በፊት የፋይሉን ርዝመት ከተመዘገበው ርዝመት ጋር አስተያዩ። በ4 በመቶ ካጠረ፣ ማለት 100 ደቂቃው 96 ከሆነ፣ በሴኮንድ 24 ምስል የነበረው ለአውሮፓ ቴሌቪዥን በ25 ተፋጥኖ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ይቀጥናል እንጂ የጎደለ የለም። ከዚያ በላይ ካጠረ የተቆረጠ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሌላ ቅጂ ፈልጉ። ግራና ቀኙ የተከረከመ፣ ሰው ሁሉ የተወጠረ ወይም የተጨመቀ የሚመስልበት ቅጂም ለፍርድ አይሆንም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጣሊያን የቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት የታደሰ ቅጂ አለው፤ ጥቁርና ነጩ ፊልም በደበዘዘ ኮፒ ታይቶ «ጨለማ ነው» ቢባል ፍርዱ የኮፒው ነው።

በቪዲዮ ቤት በአማርኛ እየተተረከ የታየ ፊልምም እንዲሁ ነው። ተራኪው የራሱን ወግና ቀልድ ስለሚጨምርበት የወደዳችሁት እሱን ይሁን ፊልሙን ለመለየት ያስቸግራል። በመጀመሪያው ድምፅና በግርጌ ጽሑፍ እንደገና እዩት።

እያያችሁ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የትኛው ትዕይንት ደንቡን ያሟላል (ሰዓቱና ደቂቃው ይጻፍ)፣ የት ላይ ተሰላቻችሁ፣ ለተመልካቹ የሚያስቸግረው ምንድን ነው። ረጅም ማስታወሻ ማንም አያነበውም።

5. ፍረዱ

መጀመሪያ በሮቹን ብቻ በአዎና በአይ አሳልፉ። እዚህ ላይ ስለ ጥራት አይወራም። ከ48 ዕጩ ከ20 እስከ 25 ቢተርፍ ደንቡ ልኩን ይዟል። 40 ካለፈ ደንቡ ልል ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ከመጠን በላይ ጠቧል።

ቀጥሎ ለተረፉት ከ1 እስከ 10 ነጥብ ስጡ። ለትወና 20፣ ለቀረጻ 20፣ ለሙዚቃ 10 እያሉ ነጥብ መበታተን ብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ እኛ አንመክረውም። እንዲህ ያለው ሚዛን በሁሉም ነገር መካከለኛ የሆነውን ፊልም ከፍ አድርጎ፣ በአንድ ነገር የሚያስደነግጠውን ዝቅ ያደርጋል። «ዘ ኔክድ አይላንድ» ንግግር የሌለበት ያህል ነው፤ «ለምልልስ 15» ከተባለ ገና ሳይታይ ተሸንፏል። አንድ ሰው፣ አንድ ፊልም፣ አንድ ነጥብ ይበቃል።

አማካዩን ስታወጡ ጥቂት ሰው ያየው ፊልም ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ፊልም የክበቡን ጠቅላላ አማካይ የሰጡ 5 ተመልካቾች እንዳሉ አድርጋችሁ ጨምሩ። ጠቅላላ አማካዩ 7 ይሁን። 3 ሰው አይቶት በአማካይ 9 ያገኘ ፊልም፦ 3×9 ሲደመር 5×7 ይሆናል 62፤ ለ8 ሲካፈል 7.75። 12 ሰው አይቶት 8.2 ያገኘው ደግሞ፦ 98.4 ሲደመር 35 ይሆናል 133.4፤ ለ17 ሲካፈል 7.85። ሁለተኛው ቀደመ። ያነሰ ሰው ያየው አልተቀጣም፤ ሌሎች አይተው እስኪያጸኑለት ይጠብቃል።

አሁን ከስሌቱ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ወይም መምህር ተናግሮ ካበቃ በኋላ ታናሽ ተነሥቶ «እኔ አልወደድኩትም» ማለት ይከብደዋል፤ የአካባቢ ልጅ በሠራው ፊልም ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ክብሩ ሳይነካ የሚሠራበት መንገድ አለ። ነጥብ ከውይይት በፊት፣ ስም በሌለበት ወረቀት ይሰጥ። በውይይቱ ታናሹ ይጀምር፣ ሰብሳቢው መጨረሻ ይናገር። ፊልሙን የሠራ፣ የተወነበት ወይም የቅርብ ዘመዱ የሠራው አባል በዚያ ፊልም ላይ ድምፅ አይስጥ፤ ይህ አስቀድሞ በደንቡ ከተጻፈ በማንም ላይ የተነጣጠረ አይሆንም። የመጨረሻ ወሳኞቹ 5 ወይም 7 ይሁኑ።

«ለምን ይግባ?» ሲባል «ደስ ስለሚል» የሚል መልስ አትቀበሉ። የዋሸራን ወይም የደብረ ኤልያስን የቅኔ ጉባኤ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ መምህሩ የተማሪውን ጉባኤ ቃና ሰምቶ ቤቱ መሙላቱን፣ ሰሙና ወርቁ መገናኘታቸውን ይመረምራል እንጂ «ያምራል» ብሎ አይሰድም። ለፊልምም ትዕይንቱ ይጠቀስ። የኦልሚን ፊልም የሚደግፍ «አባት ለተማሪ ልጁ የእንጨት ጫማ ሊጠርብ የባለ መሬቱን ዛፍ ይቆርጣል፤ በዚያች ዛፍ ቤተሰቡ ከመሬቱ ይባረራል፤ የመሬት ይዞታ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም» ካለ ሌላው የሚመልሰው ነገር አለው።

6. ጠርዙ ላይ ያሉትን ፊት ለፊት አጋጥሙ

ከ12ቱ ዘጠኙ ብዙ ጊዜ በነጥብ ይለያሉ። ለቀሩት 3 ቦታዎች የሚፎካከሩትን 6 ፊልሞች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ «ለዚህ ዝርዝር የትኛው?» ብላችሁ ድምፅ ስጡ። 6 ፊልም 15 ግጥሚያ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ሃያውንም እናጋጥም ካላችሁ 190 ይሆናልና አትሞክሩት።

ሚዛን የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ከአንድ ዳይሬክተር ከ2 በላይ፣ ከአንድ አገር ከ4 በላይ አይሁን የሚል ገደብ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከተጫነ ግን ሰው ፊልም ማየት ትቶ አገር መቁጠር ይጀምራል። አንድ ነገር የሚደግሙ ሁለት ፊልሞች ካሉ በነጥብ ያነሰውን አውጡና ቀጣዩን ተጠባባቂ አስገቡ።

ገና የወጣ ፊልም ላይ አትቸኩሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ አንድ ፊልም ቢያንስ 10 ዓመት ካልሞላው አይቀበልም። ለክበብ ያ ይበዛል፤ ከወጣ ሁለት ዓመት ይሙላው ብትሉ የሰሞኑ ወሬ ይበርድለታል።

7. ቅደም ተከተል፣ ማስታወሻና ክለሳ

የምታሳዩ ከሆነ በደረጃ አትደርድሩ። ንግግር የማይበዛባቸውን አስቀድሙ፤ የግርጌ ጽሑፍ በፍጥነት ማንበብ ያልለመደ ተመልካች በ«ዘ ኔክድ አይላንድ» ይጀምር። ሦስት ሰዓት የሚያልፈውን የኦልሚን ፊልም አጋማሹ ላይ ዕረፍት ስጡት፤ የዕረፍቱ ደቂቃ አስቀድሞ ተመርጦ ትዕይንት ሲያልቅ ይሁን። በበዓል ዋዜማና በዐቢይ ጾም የማታ ሰዓት ላይ ረጅም ፊልም አትመድቡ።

ለእያንዳንዱ ፊልም ከ40 ቃል ያልበለጠ ማስታወሻ ይጻፍ፦ ስሙ፣ ዳይሬክተሩ፣ ዓመቱ፣ አገሩ፣ ቋንቋው፣ ርዝመቱ፣ ለምን እንደገባ፣ ማስጠንቀቂያ ካለው። ማስጠንቀቂያ ለማስወጣት ሰበብ አይሁን። ለምሳሌ «ድፍረት» (2014 እ.ኤ.አ.) ጠለፋን የሚያሳይ ነው፤ ለሴቶች ልጆች ክበብ ቢመረጥ አስቀድሞ ምን እንደሚያዩ ይነገራቸው፣ ከፊልሙ በኋላ የሚያወያያቸው ሰው ይኑር።

በአዳራሽ ለሕዝብ ማሳየት ቤት ውስጥ ከማየት የተለየ ነው፤ የአገር ውስጥ ፊልም ከሆነ ፕሮዲዩሰሩን በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ የመጨረሻውን ዝርዝር ከማሳወቃችሁ በፊት ይሁን። ያልተፈቀደው ቦታ በተጠባባቂ ይሞላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ 3 ተጠባባቂ ያዙ።

ዝርዝሩ ላይ የወጣበት ቀንና የመራጮቹ ብዛት ይጻፍ። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሐያስያንን ይጠይቃል። በ2012 እ.ኤ.አ. 846 ሰዎች መርጠው «ቨርቲጎ» አንደኛ ሆነ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. 1,639 መርጠው በ1975 የተሠራው የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» ቀደመ። ፊልሞቹ ያው ናቸው፤ የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። ክበባችሁም አዲስ አባላት ሲገቡ በየሁለት ዓመቱ ይከልስ። በአንድ ክለሳ ከ12ቱ ከ3 በላይ አይቀየር፤ የወጣው ፊልም ስምና የወጣበት ምክንያት በሌላ ገጽ ይቀመጥ፤ ሊመለስ የሚችለው ደንቡ ሲለወጥ ወይም የተሻለ ቅጂ ሲገኝ ነው።